በር ሳይከፈት የምትደርሰው ግሌንዳ

ግሌንዳ ፖስተን ወደ ሥራዋ የምትወጣው ሌላው ሰው ገና ትራሱን እያገላበጠ ሳለ ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ፍሎሪዳ፣ ኪሲሚ ውስጥ ሲሆን ያገባችውም የወለደችውም እዚያው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ደመወዝ የበላችውም ከቤቷ ሃያ ደቂቃ በማያስነዳው ትልቁ የመዝናኛ ፓርክ ነው።

በፓርኩ ውስጥ ሥራዋ ገመድ መያዝ ነበር። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሕዝቡ ተንጋግቶ እንዳይሮጥ ከፊቱ ገመድ ይዘረጋል። ገመዱን የያዙት ሠራተኞች ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ ሕዝቡ ከኋላቸው እየተጋፋ ይከተላል። የተወሰነው ቦታ ሲደርሱ ገመዱ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየመረጠው ጨዋታ ነው። ግሌንዳ ያንን ገመድ ይዛ የሕዝብ ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ እየተሰማት ሃያ ሁለት ዓመት ተራምዳለች። ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ጡረታ ወጣች።

ጡረታ ወጣች እንጂ ፓርኩን አልተወችውም። የሚያውቃት አንድ ቤተሰብ «እባክሽ አንድ ቀን ይዘሽን ግቢ» አላት። ይዛቸው ገባች። ሌላ ቤተሰብ ሰማ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከኦሃዮ፣ ከቴነሲ፣ ከካናዳ ሳይቀር ስልክ የሚደወልላት የማለዳ አስጎብኚ ሆነች።

የግሌንዳ ዕውቀት ብዙ የተወሳሰበ አይደለም። በሩ የሚከፈተው ሦስት ሰዓት ላይ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪና ማቆሚያው ውስጥ መሆን ነው። ፍተሻው ላይ ቦርሳ የሌለው ሰው የሚያልፍበት መስመር አለ፤ ስለዚህ ቦርሳ አይያዝም። ሰው ሲገባ ሳያስበው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። መጀመሪያ የሚሄዱት ከሁሉም ርቆ ወዳለው ትልቅ ጨዋታ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሰዓት የሚያስቆመው ወረፋ ያን ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ምሳ የሚበላው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ፣ ሕፃናት ማልቀስ ሲጀምሩና አባቶች መቆጣት ሲጀምሩ፣ የግሌንዳ ሰዎች ሁሉን አዳርሰው ወደ ሆቴላቸው መዋኛ እየተመለሱ ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበራት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ስልክ የለም። ሰው ስልኩን ካየ ይቆማል፤ አንድ ሰው ከቆመ አራት ሰው ይቆማል፤ አራት ሰው ሁለት ደቂቃ ከቆመ ከፊቱ ሁለት መቶ ሰው ያልፋል። ስለዚህ የሁሉንም ስልክ ሰብስባ ወገቧ ላይ በምትታጠቃት ሰማያዊ ቦርሳ ውስጥ ትከትና ዚፑን ትዘጋለች። የራሷንም ድምፁን አጥፍታ እዚያው ትጨምረዋለች። «ዓለም ሁለት ሰዓት ይጠብቅ፤ የትም አይሄድም» ትላቸዋለች። ሁሉም ይስቃሉ።

ባሏ ሮይስም የዚያው ፓርክ ሰው ነበር፤ ግን የሌሊቱ። ትልቁን የሐዲድ ጨዋታ፣ ጭልፊት የሚሉትን፣ በየሌሊቱ በእግሩ ይወጣዋል። ባትሪ ይዞ፣ ወገቡን በቀበቶ አስሮ፣ ሐዲዱን ብሎን በብሎን እየፈተሸ እስከ ጫፉ ይወጣና በሌላው በኩል ይወርዳል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራውን ሲጨርስ ግሌንዳ ሥራዋን ልትጀምር ትመጣለች። ሠራተኛ መኪናውን በሚያቆምበት ቦታ በሮይስ ፒክአፕ ውስጥ ቁጭ ብለው ከፔርሙስ ቡና እየጠጡ ሃያ ደቂቃ ያወራሉ። ከዚያ እሱ ወደ አልጋው፣ እሷ ወደ ገመዷ። ትዳራቸው በአብዛኛው ያቺ ሃያ ደቂቃ ነበረች። ሁለቱም ትንሽ ናት ብለው አያውቁም። ልጃቸው ኬንድራ ግን ልጅ ሳለች «የናንተ ነገር እንደ ዘበኛ ፈረቃ ነው» ትላቸው ነበር።

ግሌንዳ ጡረታ ከወጣች በኋላ ሃያ ደቂቃዋ ወደ ቤት ዞረች። እሱ ሲገባ እሷ ስትወጣ በር ላይ ይገናኛሉ።

ባለፈው የካቲት፣ በአንድ ማክሰኞ ቀን፣ እንደወትሮው በር ላይ ተገናኙ። ሮይስ ጫማውን ደረጃው ላይ እያወለቀ ነበር።

«ያቺ ልብስ ማድረቂያ ዛሬም ትጮሃለች» አላት።

«ቅዳሜ እያት።»

«ቅዳሜማ ሐይቅ ላይ ነኝ፣ ዓሣ ላጠምድ።»

«እሁድ እያት እንግዲህ።»

«አለቃዬ ነሽ» አለና ገባ። እሷም ሄደች።

የዚያን ቀን የያዘቻቸው ከኢንዲያና የመጡ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ቀልጣፎች፣ የሚታዘዙ፣ እግራቸው ጠንካራ። ደመና ስለነበረ ሕዝቡም ሳስቶ ነበር። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰባት ጨዋታ አዳረሰቻቸው። ሰባት! ከዚያ በፊት ስድስት ነበር ትልቁ። ሰባተኛው ላይ ሲወርዱ አባትየው ባርኔጣውን አንሥቶ «ለሚስ ግሌንዳ!» ሲል ሁሉም አጨበጨቡላት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አያት። ፊቷ ቀልቶ እየሳቀች ቦርሳዋን ከፈተችና ስልኮቻቸውን አደለች። የራሷን ስታወጣ አሥራ አንድ ጥሪ ነበረው። ሁሉም የጎረቤቷ የሚስ ኦፓል።

ሚስ ኦፓል ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ከጎናቸው ባለው ተጎታች ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አበባዋን ውኃ ስታጠጣ ሮይስ ደረጃው ላይ ደረቱን ይዞ ተቀምጦ አየችው። አምቡላንስ ጠራች፤ አብራው ሄደች። ሮይስ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ አረፈ። ከሁለት ሰዓት በላይ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ሆስፒታሉ ከፓርኩ በር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

ግሌንዳ ስትደርስ ኦፓል መተላለፊያው ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

«ሁለቴ ጠየቀሽ» አለቻት። «ሁለቴ ብቻ ነው። ከዚያ ውኃ ፈለገ። ሰጠሁት።»

«አመሰግናለሁ ሚስ ኦፓል» አለች ግሌንዳ።

«ተቀመጪ አንቺ ልጅ።»

«መቆም ይሻለኛል።»

ቆመች። የምታለቅስ መስሏት ጠበቀች፤ አልመጣም። መኪና ውስጥ ይመጣል ብላ አሰበች፤ መኪና ውስጥም አልመጣም። ልጇ ኬንድራ ከጆርጂያ አራት ሰዓት ነድታ መጣችና በሩ ላይ አንገቷን አቅፋ ስታለቅስ፣ ግሌንዳ ጀርባዋን እየደባበሰች ማቀዝቀዣው ውስጥ ምን እንዳለ ታስብ ነበር፤ ልጅቱ ከመንገድ ነው የመጣችው፣ ምን ትብላ?

«ስልክሽን ለምን አላነሣሽም እማ?» አለቻት ኬንድራ በማግስቱ።

«እዚያ ውስጥ ኔትወርክ የለም» አለች ግሌንዳ። ውሸት ነበር። ኬንድራ ቀና ብላ አየቻት።

ቀብሩ ቅዳሜ ተፈጸመ። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በትሪ የተጋገረ ማካሮኒና የድንች ሰላጣ አመጡ። የሌሊት ፈረቃው ሰዎች እንቅልፍ ባጣ ዓይናቸው በረድፍ ቆመው እጇን ጨበጧት። ግሌንዳ ሰዎቹ የሚቆሙበትን አቅጣጫ አየች። ሁሉም በቀኝ በኩል ስለተሰለፉ ግራው መንገድ ባዶ ነው፤ በግራ ቢመጡ ቶሎ ያልቅ ነበር ብላ አሰበች። ያሰበችው ይኸው ነው።

ሁለት ሳምንት አልሞላትም፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሰዎቹ ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ ደግሞ ቤት ተቀምጣ ምን ታደርጋለች? ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትነቃለች፤ ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው፤ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ትታጠባለች፤ ደረቅ ብስኩት ትበላለች፤ ትሄዳለች። በሩ ይከፈታል፤ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ሥራዋ አልተበላሸም። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ፈጠን አለች፤ ማንም ሲያወራት አትቆምም። ሰዎች «ምን ዓይነት ጠንቃቃ ሴት ናት!» ብለው ይጽፉላት ነበር። ስልካቸውን ዛሬም ትሰበስባለች፤ ዚፑን ትዘጋለች። ለምን እንደምታደርገው አላሰበችበትም። እጇ የለመደው ነገር ነው።

መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት የበቆሎ ገንፎ አሙቃ የጋለውን የብረት ድስት በባዶ እጇ አነሣችው። ወደ ጠረጴዛው አምጥታ አስቀመጠችው። መዳፏ ተልጦ ማየቷ ነው እንጂ አላመማትም። ኦፓል ቅባት እየቀባቻት፣

«ሐኪም ጋ እንሂድ» አለቻት።

«ቁስሉ ትንሽ ነው።»

«ስለ ቁስሉ መች አወራሁ? ሰው እንዴት እሳት ይዞ አይጮህም?»

«እንጃ ሚስ ኦፓል።»

«ያንን የስልክ ቦርሳም ዛሬም ታጥቀሽ አይሻለሁ።»

ግሌንዳ ወገቧን ወደታች አየች። «ሥራ ነው» አለች።

ኦፓል ፋሻውን ጠምጥማ ጨረሰችና «ሥራ!» ብላ ክዳኑን በኃይል ዘጋችው።

ሰኔ ላይ ከቶሊዶ፣ ኦሃዮ፣ ሎሪ ኮቫክ የምትባል ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ትልቋ ቤካ አሥራ ሁለት፣ ትንሿ ጁን ስምንት ዓመታቸው ነው። አባት የለም፤ ሎሪ ብቻዋን ነው የምታሳድጋቸው። ከበሩ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ጁን የግሌንዳን ጫማ እየነካካች ትጠይቃት ጀመር።

«ስንት ጊዜ መጥተሻል እዚህ?»

«አልቆጠርኩትም።»

«መቶ?»

«ሺህዎች።»

«እና አይሰለችሽም?»

«ጁን!» አለች ሎሪ።

«ትጠይቅ፤ ምን አለበት» አለች ግሌንዳ። «አይሰለቸኝም። ደስም አይለኝም። ደህና ነው።» ልጅቷ እንደዚህ ያለ መልስ ከትልቅ ሰው ሰምታ ስለማታውቅ አፍጥጣ አየቻት።

ሎሪ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች። አባቷ ስታን የዳሌው መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና ተቀይሮለት ሆስፒታል ከተኛ ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ልቅር ብዬው ነበር» አለች። «‹ካልሄዳችሁ ከአልጋዬ ተነሥቼ በዱላዬ ነው የማባርራችሁ› አለኝ። ሁለት ዓመት ነው ይሄን ጉዞ ያሰብነው። ሐኪሙም ደህና ነው ብሏል። ግን ታውቂያለሽ፣ በዚያ ዕድሜ …»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባ ስምንት።»

ግሌንዳ እጇን ዘረጋች። «ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» አለች። ሎሪ አመነታች፤ ከዚያ ስልኩን ሰጠቻት። ግሌንዳ ቦርሳው ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።

በሩ ተከፈተ። ከገመዱ ጫፍ ላይ የቆመው የድሮ ባልደረባዋ ኤርል ነበር፤ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የወጣ፣ ሰባ ሊሞላ የተቃረበ ሰው።

«ኧረ ግሌንዳ! ዛሬም የሰው ልጅ እየጎተትሽ መጣሽ?» አላት ዘወር ሳይል። ዘወር ማለት አይፈቀድም።

«አንተም ዛሬም እንደ ኤሊ ትሄዳለህ?»

«ፈጠን ካልኩ ሱሪዬ ይወልቃል። ሰው ፊት!»

ልጆቹ ሳቁ። ግሌንዳም ፈገግ አለች፤ ፊቷ ፈገግታውን ያውቀዋል። ገመዱ ተለቀቀ። ሕዝቡ ወደ ቀኝ ፈሰሰ፤ እነሱ ወደ ግራ። ሳይሮጡ፣ ግን ሳይቆሙ፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ገና ያልተከፈቱትን ሱቆች አልፈው፣ ጭልፊት ጋ ደረሱ። ከፊታቸው አርባ ሰው የሚሆን ነበር። ቤካ ቀና ብላ ሐዲዱን አይታ «ውይ አምላኬ» አለች።

ወረፋው ውስጥ ገብተው አራት ደቂቃ ያህል እንደቆሙ ከግሌንዳ ወገብ ላይ ቦርሳው ተንቀጠቀጠ። የሎሪ ስልክ ነው። ሎሪ ከልጆቹ ጋር እየሳቀች ስለነበር አልሰማችም። መንቀጥቀጡ ቆመ። ግሌንዳ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደች። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ረጅም ነበር፤ በቀጭኑ ሸሚዟ ውስጥ እስከ አጥንቷ ድረስ ይገባል። ቆመ።

መሳፈሪያው ላይ ደረሱ። በር ጠባቂው ወጣት ረድፍ ሰጣቸው። «የመጀመሪያው ወንበር ነው የደረሳችሁ፤ ዕድለኞች ናችሁ» አላቸው። ጁን ዘለለች። ባዶው ባቡር እየተንሸራተተ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ያን ጊዜ ለሦስተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

ግሌንዳ ዚፑን ከፍታ አየች። «አባዬ» ይላል።

«ሎሪ፣ ውጪ» አለች።

«ምን?»

«አባትሽ ነው። ሦስተኛው ነው። ውጪ፤ አሁን ውጪ።»

«እመቤቴ፣ ከወጣችሁ መመለስ አይቻልም» አለ ወጣቱ።

ግሌንዳ አልሰማችውም። ሎሪን በክንዷ ይዛ ሰው በሚወጣበት በር ገፋቻት። ልጆቹ ተከተሉ። ጁን ማልቀስ ጀመረች። ከኋላቸው የነበሩት ሰዎች ወንበሩ ላይ ወጡና ቀበቶው ተዘጋ፤ ባቡሩ ሄደ። ሎሪ ደረጃው ሥር ቆማ ደወለች። አይነሣም። ደግማ ደወለች። አይነሣም። ፊቷ ወረቀት መሰለ፤ ጣቷ ቁልፉን ስቶ ይነካል። ግሌንዳ ከጎኗ ቆማ የሎሪን እጅ አየች። ሌላ ምንም አላየችም።

በሦስተኛው ተነሣ።

«አባዬ! አባዬ ምን ሆንክ?»

የሽማግሌው ድምፅ ከስልኩ ውጪ ድረስ ይሰማል። «ምን እሆናለሁ? የት ነበርሽ? ስሚ፣ የዚህ ሆስፒታል ቴሌቪዥን፣ የቤዝቦሉ ጣቢያ ስንት ቁጥር ነው? ትናንት አንቺ ነሽ ያወጣሽልኝ። ነርሷ አታውቅም። ይቺ ልጅ ምንም አታውቅም።»

ሎሪ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ሠላሳ አንድ» አለች። «ሠላሳ አንድ ነው አባዬ።»

«ሠላሳ አንድ! አላልኩሽም?» አላት ነርሷን፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሎሪ ፊቷን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ቁጣ ሆነ። ከመግቢያው በላይ ያለው፣ የወረፋውን ርዝመት የሚያሳየው ሰሌዳ ሰማንያ ደቂቃ ይላል። ቤካ አየችው።

«ለቴሌቪዥን ቁጥር?» አለች ቤካ። «የመጀመሪያው ወንበር ነበር እኮ!»

«ምን ነካሽ ግሌንዳ?» አለች ሎሪ። «ጨዋታው ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ! ከወረድን በኋላ አትሰጪኝም ነበር? ሕጉም የራስሽ ነው።»

«አዎ፣ የራሴ ነው» አለች ግሌንዳ። ድምፏ አልተለወጠም፤ የመንገድ አቅጣጫ እንደምታሳይ ሰው ነው የተናገረችው። «ባሌ የካቲት ላይ ሞተ። ሁለት ሰዓት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ተደወለልኝ። ስልኬ እዚህ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እኔም እዚሁ ነበርኩ። ኔትወርክ ነበረ።»

ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። ከተናገረችው በኋላም ምንም አልሆነም። ባቡሩ ከላያቸው እየጮኸ አለፈ።

ሎሪ ስልኩን ኪሷ ከተተች። «አዝናለሁ» አለች። «ከልቤ ነው የማዝነው። ግን ልጆቼ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል።»

«አውቃለሁ። ተነሡ፤ የጀልባው ጨዋታ ገና አልሞላም።»

በዚያ ጠዋት ሦስት ጨዋታ ብቻ አገኙ። ጭልፊትን አላገኙትም። ሲለያዩ ቤካ አልተሰናበተቻትም። ሎሪ እጇን ጨበጠቻት፤ ጁን ደግሞ ዞር ብላ «ሠላሳ አንድ!» ብላ ጮኸችላትና ሮጠች።

ግሌንዳ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ኬንድራ ጋ ደወለች። ኬንድራ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የምሳ ሰዓቷ ነበር።

«እማ? ምን ሆንሽ? በዚህ ሰዓት ደውለሽ አታውቂም።»

«ምንም አልሆንኩም። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ኔትወርክ ነበረ። ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለሥራ።»

ከወዲያ ማዶ የሰው ድምፅ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ኬንድራ በር ስትዘጋ ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ፣

«አውቃለሁ» አለች።

«ከየት?»

«ሚስ ኦፓል ነገረችኝ፤ የቀብሩ ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሺኝ?»

«እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበራ። እስከ ፋሲካ ድረስ በጣም ተናድጄብሽ ነበር። ስልክሽን ሳይ ጥርሴን እነክስ ነበር። ከዚያ ደከመኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ።»

«እሺ» አለች ግሌንዳ።

«እሺ ብቻ?»

«ሌላ የምለው ቢኖረኝ እለው ነበር ኬንድራ። ፈልጌ አጣሁት። ውስጤ ገብቼ ስፈልግ ባዶ ቤት ነው።»

ኬንድራ ተነፈሰች። «ነሐሴ ላይ እረፍት አለኝ፤ እመጣለሁ» አለች። «ፓርክም እንገባለን። ግን እኔ በሌሊት አልነሣም። እንደ ሰው ተኝቼ ነው የምነሣው።»

እንደተባባሉትም ሆነ። ነሐሴ ላይ ኬንድራ መጣች። እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ተኛች፤ እንቁላል ጠብሳ በላች፤ ገላዋን ታጠበች። ፓርኩ በር ላይ የደረሱት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ግሌንዳ በዚያ ሰዓት ስትገባ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። መኪና ማቆሚያው እስከ ጥጉ ሞልቷል። አስፋልቱ ይፋጃል። ከየአቅጣጫው ልጅ ያለቅሳል፤ አንድ አባት ሚስቱ ላይ ካርታ ወርውሮ ተቀምጧል። ሁለቱ ጭልፊት ጋ ሲደርሱ ሰሌዳው መቶ አምስት ደቂቃ ይላል።

«እንሂድ፤ ይሄ ዕብደት ነው» አለች ግሌንዳ።

«ቆይ። አባዬ የሚወጣው በየት በኩል ነበር?»

ግሌንዳ በጣቷ አሳየቻት። ከሐዲዱ ጎን ለጎን ቀጭን የብረት ደረጃ አለ፤ እስከ ጫፉ ድረስ ይሄዳል። ኬንድራ ባርኔጣዋን ይዛ ቀና ብላ አየች።

«በየቀኑ?»

«በሳምንት አምስት ቀን። ዝናብ ከሌለ።»

«ከፍታ ይፈራ ነበር እኮ! ቤታችን ጣሪያ ላይ ሲወጣ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ይፈራ ነበር። ‹በጨለማ መሬቱ አይታይም፤ ስለዚህ ምንም አይደለም› ይለኝ ነበር።»

ኬንድራ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። ዓይኗን በሸሚዟ ጠረገችና «እንሰለፍ» አለች።

ተሰለፉ። ሰልፉ ታጥፎ፣ ታጥፎ፣ ተመልሶ ይታጠፋል። ከፊታቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ላቡ ይንጠባጠባል። ከኋላቸው ሁለት ኮረዶች ስለ አንድ ልጅ ሲያሙ ሳያቋርጡ አንድ ሰዓት ቆዩ። ግሌንዳ ሰው በሰልፍ ውስጥ እንዲህ እንደሚያወራ አታውቅም ነበር። እሷ የምታውቃቸው ሰዎች ለማውራት ጊዜ የላቸውም። ኬንድራ ስለ ክሊኒኩ ነገረቻት፤ ስለ አንድ መምህር፣ አብሯት እራት ስለሚበላ። ግሌንዳ ሰማች። ጉልበቷ ያማት ጀመር፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ተቀመጠች፤ የሰልፉ መከለያ ብረት ላይ፣ እንደ ልጅ።

«እያመመሽ ነው?»

«አዎ። በጣም።»

«ልንወጣ እንችላለን።»

«ተይው፤ ይመመኝ።»

ሃያ ሰው ያህል ሲቀራቸው ሰማዩ ጠቆረ። ፍሎሪዳ ነው፤ ነሐሴ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነው። መብረቅ ወረደ። በድምፅ ማጉያው «በአየር ሁኔታ ምክንያት» ብለው ሁሉንም አስወጡ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ወፍራሙ ሰውዬ ተሳደበ። እናትና ልጅ እየበሰበሱ ሮጠው ከአንድ ምግብ መሸጫ ጣራ ሥር ቆሙ። ስኳር የተነሰነሰበት የተጠበሰ ሊጥ ገዝተው ለሁለት በሉ። ኬንድራ አገጯ ላይ ስኳር ቀርቶ ነበር፤ ግሌንዳ በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። ዝናቡ ሁለት ሰዓት ዘነበ። ጭልፊት በዚያ ቀን ዳግመኛ አልተከፈተም።

አሁን ግሌንዳ የምትሠራው በሳምንት ሦስት ጠዋት ነው። ሰማያዊዋን ቦርሳ አልተወቻትም፤ ውስጧ የፀሐይ ቅባትና ፕላስተር ነው ያለው። ስልክ ግን በየሰዉ ኪስ ነው። ሰዎች ይቆማሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ከቤታቸው ጋር ያወራሉ፤ ሰባት ጨዋታ ዳግመኛ ደርሳ አታውቅም፤ አራት ካገኘች ጥሩ ቀን ነው። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። የራሷ ስልክ ሲጮህ የትም ብትሆን ታነሣለች። አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ኢንሹራንስ የሚሸጡ ናቸው።

አልጋው ላይ መተኛት ጀምራለች፤ በራሷ በኩል። አላለቀሰችም።

ኦፓል በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መኪና ውስጥ ትጠይቃታለች። «አለቀስሽ?»

«ገና ነኝ ሚስ ኦፓል።»

«እሺ። እንግዲያው ወደ ሱቁ ታጠፊ፤ ድንች አልቆብኛል።»

ግሌንዳ ፍሬቻ አብርታ ታጠፋለች።